ፕሮታክቲኒየምን ብርቅ ያደረገው የመጠኑ ማነስ ነው ወይስ ጠባዩ?

መምህርት ከሐዋሳ፦

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

የአክቲናይዶችን፣ ማለትም ከአክቲኒየም የሚጀምሩትን ከባድ ብረቶች ረድፍ ሳስተምር ተማሪዎቼ ቶሪየምንና ዩራኒየምን በስም ያውቋቸዋል፤ በሁለቱ መካከል በ91 ቁጥር የተቀመጠውን ፕሮታክቲኒየምን ግን የሚጠይቅ የለም። መጻሕፍቱም ቢሆኑ እጅግ ብርቅ፣ መርዛማና ከምርምር በስተቀር ጥቅም የሌለው ብረት አስተኔ ነው ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። እኔ የምከራከረው ከእነዚህ ቃላት በመጀመሪያው ላይ ነው። ፕሮታክቲኒየም ብርቅ የሆነው በማዕድን ውስጥ ከዘመዶቹ ሁሉ ስላነሰ አይደለም፤ ብርቅ ያደረገው ኬሚካላዊ ጠባዩ ነው። ስሌቱን ላሳያችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተወው።

በተፈጥሮ የሚገኘው ዋናው አይሶቶፕ (በአቶሙ ክብደት የሚለየው ዓይነት) ፕሮታክቲኒየም-231 ሲሆን፣ ከዩራኒየም-235 መፍረስ ይወለዳል፤ ግማሽ ዕድሜውም፣ ማለትም ግማሹ ፈርሶ የሚያልቅበት ጊዜ፣ 32,760 ዓመት ገደማ ነው። የወላጁ የዩራኒየም-235 ግማሽ ዕድሜ 704 ሚሊዮን ዓመት ነው። ለረጅም ዘመን ሳይነካ በኖረ ማዕድን ውስጥ በየጊዜው የሚወለደውና የሚፈርሰው እኩል ስለሚሆን፣ ልጁ ከወላጁ ጋር ያለው የብዛት ጥምርታ የግማሽ ዕድሜዎቻቸው ጥምርታ ይሆናል። ዩራኒየም-235 ከጠቅላላው ዩራኒየም 0.72 በመቶ ብቻ መሆኑን አስገብተን ስናሰላ፣ በአንድ ቶን ዩራኒየም ልክ 0.33 ግራም ያህል ፕሮታክቲኒየም እናገኛለን። አሁን ይህንኑ ስሌት ለራዲየም-226 እንሥራው። ግማሽ ዕድሜው 1,600 ዓመት ነው፤ የዘሩ ራስ የሆነው የዩራኒየም-238 ግማሽ ዕድሜ ደግሞ 4.47 ቢሊዮን ዓመት ነው፤ ውጤቱም በአንድ ቶን ዩራኒየም 0.34 ግራም ይመጣል። ሁለቱ በአንድ ማዕድን ውስጥ እኩል ለእኩል ናቸው ማለት ይቻላል።

ታሪካቸው ግን ፈጽሞ አይመሳሰልም። ማሪ ኩሪና ፒየር ኩሪ ራዲየምን እ.ኤ.አ. በ1898 አገኙ፤ በ1902 ማሪ ኩሪ የግራም አንድ አሥረኛ የሚሆን ንጹሕ የራዲየም ክሎራይድ ለይተው አውጥተው ነበር፤ ከዚያም ብዙ ሳይቆይ ራዲየም በፋብሪካ እየተመረተ ለሕክምናና በጨለማ ለሚያበራ የሰዓት ቀለም እስከ መዋል ደረሰ። ፕሮታክቲኒየም-231 ግን እስከ 1917 እና 1918 ድረስ መኖሩ እንኳ አልተረጋገጠም። ሁለት ሚሊግራም የሚሆን ንጹሕ ኦክሳይዱ የተገኘው በ1927፣ ብረቱ ራሱ የተለየው በ1934 ሲሆን፣ ሁለቱንም የሠሩት አሪስቲድ ፎን ግሮሴ ናቸው። ዓለም ከመቶ ግራም በላይ የሆነ ክምችት ያገኘው ደግሞ በ1961 የብሪታንያ የአቶም ኃይል ባለሥልጣን ከ60 ቶን የዩራኒየም ማጣሪያ ዝቃጭ 125 ግራም ያህል ባወጣ ጊዜ ነው። ሥራው 12 ደረጃዎችን ያለፈ ሲሆን ወደ 500,000 የአሜሪካ ዶላር እንደፈጀ ይነገራል። (ዘመኖቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአለሁ፤ እናንተም እንዲሁ ብታደርጉ አንምታታም።)

እንግዲህ መጠናቸው እኩል ከሆነ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ለምን እንዲህ አስቸገረ?


የምህንድስና ተማሪ፦

መምህርት፣ ስሌቱን ደግሜ ሠርቼው ተስማምቶልኛል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር አልገባኝም። በአንድ ቶን ዩራኒየም 0.33 ግራም ብቻ ካለ፣ ከ60 ቶን የሚጠበቀው ከ20 ግራም አይበልጥም፤ ዝቃጩ ደግሞ ዩራኒየሙ ከወጣለት በኋላ የተረፈ ነው። ታዲያ 125 ግራሙ ከየት መጣ?


ጡረተኛው የላቦራቶሪ ሰው፦

የእኔ ልጅ፣ ያ 60 ቶን ዝቃጭ የ60 ቶን ዩራኒየም ትርፍ አልነበረም፤ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ዩራኒየም ሲጣራ ከሥራው ጎን ለጎን የተጠራቀመ ነበር። 125ን ለ0.33 ብታካፍለው፣ ዝቃጩ ቢያንስ 380 ቶን ከሚሆን ዩራኒየም የመጣ መሆን እንዳለበት ታገኛለህ። ፕሮታክቲኒየሙ ከዩራኒየሙ ጋር መሄዱን ትቶ በዝቃጩ ውስጥ በመቅረቱ፣ በቶን ሁለት ግራም እስኪሆን ድረስ በዚያ ተከማችቶ ጠበቃቸው።

ወደ መምህርት ጥያቄ ልምጣ። ራዲየም የማንን መንገድ እንደሚከተል አስቀድሞ ይታወቃል። ከባሪየም ጋር ይሄዳል፣ በሰልፌት መልክ ከባሪየም ጋር ይዘቅጣል፣ በመጨረሻም በክሎራይድ ወይም በብሮማይድ መልክ ደጋግሞ ክሪስታል በማድረግ ከባሪየም ይለያል። አድካሚ ሥራ ነው፤ መንገዱ ግን ቀጥተኛ ነው። ፕሮታክቲኒየም እንዲህ ያለ አስተማማኝ ጓደኛ የለውም። ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ በ1871 በቶሪየምና በዩራኒየም መካከል ባዶ ቦታ አይተው፣ በዚያ ታንታለምን የሚመስል ንጥረ ነገር ሊኖር እንደሚገባ ገምተው ነበር። ግምታቸው የረዳውን ያህል አሳስቷል፤ ፕሮታክቲኒየም በአንዳንድ ሥራ ታንታለምን፣ በሌላው ዚርኮኒየምን ይከተላል፣ አንዳንዴም ማንንም አይከተልም። ታንታለም ከተነሣ ዘንድ ከእኛ ከሐዋሳ ወደ ደቡብ በጉጂ ምድር ያለው የቀንጢቻ ማዕድን የዚሁ የታንታለም ማዕድን መሆኑን ተማሪዎች ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

ችግሩ የሚጀምረው ከውሃ ነው። ይህ ንጥረ ነገር በውህዶቹ ውስጥ በአብዛኛው አምስት ኤሌክትሮኖችን ያጣ ሆኖ ይገኛል፤ አራት ያጣበት ሁኔታም አለ፣ እሱ ግን አየር ሲያገኘው ወደ አምስቱ ይመለሳል። ይህን ያህል ሙል የተሸከመ አዮን በውሃ መካከል ብቻውን ሊቆም አይችልም፤ የውሃውን ሞለኪውል አፍርሶ ኦክስጅኑን ይይዛል፣ ከዚያም እርስ በርሱ እየተያያዘ ዓይን የማያየው ደቃቅ ነገር፣ ማለትም ኮሎይድ ይሆናል። ኮሎይዱ ሊጥ ከእጅ እንደሚጣበቅ ከብርጭቆው ግድግዳ፣ ከማጣሪያ ወረቀቱና ካገኘው ጠጣር ሁሉ ጋር ይጣበቃል። በናይትሪክ ወይም በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ተሟሙቶ የተቀመጠ ናሙና ከጊዜ በኋላ ሲለካ፣ ከፈሳሹ ይልቅ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። እየሟሟ እንዲቆይ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያደርገው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው፤ የፍሎራይድ አዮኖች ዙሪያውን ከብበው ውሃ እንዳይቀርበው ይከላከሉለታል። ነገር ግን ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ብርጭቆን ይበላል፤ ስለዚህ ዕቃው ሁሉ ፕላስቲክ ወይም ፕላቲነም መሆን አለበት። አሲዱ ራሱም በቆዳ ውስጥ ሰርጎ ገብቶ ከሰውነት ካልሲየም ጋር የሚዋሃድ አደገኛ ነገር ነው። ዛሬ ርካሽ የሆነው የፕላስቲክ ቱቦ በ1920ዎቹ እንዳልነበረ ካሰባችሁ፣ እነዚያ ሰዎች በምን ዓይነት ዕቃ እንደሠሩ መገመት አያቅታችሁም።


ታቦር፦

ጋሼ የጻፉት የሚያስተምር ነው፤ በመምህርት ድምዳሜ ላይ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ራዲየም ቀድሞ የተገኘው በቀላሉ ስለሚለይ ብቻ አይደለም፤ ድምፁ ስለሚጎላም ነው። አንድ ግራም ራዲየም-226 በሰከንድ 37 ቢሊዮን ያህል ፍርሰት ያሳያል፤ አንድ ግራም ፕሮታክቲኒየም-231 ግን 1.75 ቢሊዮን ገደማ ነው። የሃያ እጥፍ ልዩነት ነው። የኩሪዎቹ መሣሪያ የሚለካው የጨረራውን ብርታት እንጂ የቁሱን ክብደት አልነበረም፤ ስለዚህ በእኩል መጠን ቢገኙም አንዱ በግልጽ ሲታይ ሌላው ተሸፍኖ ቀርቷል። ይህ የኬሚስትሪ ሳይሆን የግማሽ ዕድሜ ጉዳይ ነው።


መምህርት ከሐዋሳ፦

ወንድም ታቦር፣ ያነሡት ነጥብ ክብደት ያለው ነው፤ የ1898ንና የ1917ን ልዩነት በከፊል ያስረዳል። ሆኖም የ1934ንና የ1961ን አያስረዳም። ከ1918 በኋላ ንጥረ ነገሩ መኖሩ ታውቋል፣ ጨረራውን የሚለካ መሣሪያ በየላቦራቶሪው አለ፣ ማዕድኑም በገበያ ላይ ነው። እንዲያም ሆኖ ሁለት ሚሊግራም ለመለየት ወደ አሥር ዓመት፣ ብረቱን ለማየት ደግሞ ተጨማሪ ሰባት ዓመት ፈጀ። ያን ጊዜ እንቅፋት የሆነው የድምፅ ማነስ ሳይሆን ጋሼ የገለጹት የመጣበቅ ጠባይ ነው።

በነገራችን ላይ ከ1917 በፊትም ሁለት ጊዜ እጅ ገብቶ አምልጧል። ዊልያም ክሩክስ በ1900 ከዩራኒየም ውስጥ ብርቱ ጨረራ ያለው ነገር ለይተው ምንነቱን ሳያውቁ ዩራኒየም-ኤክስ አሉት። በ1913 ካዚሚር ፋያንስና ኦስቫልድ ጎሪንግ በዚያው ውስጥ ግማሽ ዕድሜው ከአንድ ደቂቃ እምብዛም የማይበልጥ የ91ኛው ንጥረ ነገር አይሶቶፕ አገኙና፣ በዕድሜው ማጠር ብሬቪየም ብለው ሰየሙት። ሊዛ ማይትነርና ኦቶ ሃን በበርሊን የተነሡት ከሌላ አቅጣጫ ነበር። አክቲኒየም በ1899 ታውቋል፤ ግማሽ ዕድሜው ግን ወደ 22 ዓመት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ አጭር ዕድሜ ያለው ነገር በጥንታዊ ማዕድን ውስጥ ዛሬም የሚገኝ ከሆነ ያለማቋረጥ የሚወልደው ረጅም ዕድሜ ያለው ወላጅ ሊኖረው ይገባል። ያንን ወላጅ ያገኙት ማዕድኑ በአሲድ ከታጠበ በኋላ በሚቀረው የሲሊካ ዝቃጭ ውስጥ ነው፤ ሌላው ሰው የሚጥለው ክፍል ማለት ነው። ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ስለነበር ሃን በአብዛኛው በውትድርና ላይ ነበሩ፤ የላቦራቶሪውን ሥራ በብዛት የተወጡት ማይትነር ናቸው። ይህን የማነሣው ሴት ተማሪዎቼ ስማቸውን ከዩራኒየም መከፈል ታሪክ ብቻ እንዳያውቋቸው ነው። በስኮትላንድ ፍሬድሪክ ሶዲና ጆን ክራንስተን በተመሳሳይ ጊዜ ከዚሁ ውጤት ደርሰዋል።


የፊዚክስ አስተማሪ፦

ክርክሩ በውሃ ውስጥ ስላለው ጠባይ ሆነና ብረቱ ራሱ ተረሳ። ጥቂት ልጨምር።

ፕሮታክቲኒየም ብርማ መልክ ያለው ብረት አስተኔ ሲሆን፣ በአየር ላይ አብረቅራቂነቱን ለተወሰነ ጊዜ ይይዛል። እፍጋቱ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 15.4 ግራም ያህል ነው፤ ይህም ከቶሪየም 11.7 እና ከዩራኒየም 19.1 መካከል የሚያርፍ ነው። የመቅለጫ ነጥቡ ወደ 1,570 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይጠጋል። ከፍጹማዊ ዜሮ በላይ 1.4 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ያለ ምንም ተቃውሞ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ይሆናል። ከኦክስጅን፣ ከውሃ እንፋሎትና ከአሲዶች ጋር ይዋሃዳል፤ አልካሊዎች ግን አይነኩትም።

እኔን የሚስበኝ የመቅለጫ ነጥቦቹ ቅደም ተከተል ነው። ቶሪየም በ1,750፣ ፕሮታክቲኒየም በ1,570፣ ዩራኒየም በ1,135፣ ኔፕቱኒየምና ፕሉቶኒየም በ640 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣሉ። አምስት ንጥረ ነገሮች ተከታትለው ሲወርዱ የምናየው በአጋጣሚ አይደለም። የቶሪየም አቶም በጸጥታ ሁኔታው 5ኤፍ በሚባለው የኤሌክትሮን ምህዋር ውስጥ ኤሌክትሮን የለውም፤ ፕሮታክቲኒየም ሁለት አለው። ከዚህ ንጥረ ነገር ጀምሮ እነዚያ ኤሌክትሮኖች በብረቱ ውስጥ አቶሞችን በሚያያይዘው ትስስር መካፈል ይጀምራሉ፤ የክሪስታሉም ቅርጽ ከተለመደው ኪዩብ ተጎትቶ አራት ማዕዘን ምሰሶ የሚመስል ይሆናል። ስለ ፕሉቶኒየም አስቸጋሪ ጠባይ ብዙ ተጽፏል፤ መነሻው ግን እዚህ 91 ላይ ነው። ከዚህ ሌላ፣ ከእሱ በኋላ ያሉት ዩራኒየም፣ ኔፕቱኒየምና ፕሉቶኒየም በውሃ ውስጥ ሁለት ኦክስጅኖችን በቀጥታ መስመር ግራና ቀኝ ይዘው የሚረጋጉበት ልማድ አላቸው። ፕሮታክቲኒየም ይህን ልማድ ገና አልጀመረም፤ ቢበዛ አንድ ኦክስጅን ብቻ ይይዛል። ጋሼ የገለጹት መረጋጋት ማጣት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።


የውሃ ሥራ ባለሙያ፦

ጋሼ ስለ ፍሎራይድ የጻፉት የእኛን ጉዳይ አስታወሰኝ። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ መብዛቱና የልጆችን ጥርስ ማበላሸቱ በአካባቢያችን የታወቀ ችግር ነው። ፍሎራይድ ፕሮታክቲኒየምን አሟሙቶ የሚይዝ ከሆነ፣ ዩራኒየም ካለበት አለት የሚመጣ ውሃ ይህን ንጥረ ነገር ይዞ ወደ ቧንቧችን ሊደርስ ይችላል ማለት ነው?


ጂኦሎጂስቱ፦

እህቴ፣ ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የሚያሰጋ ነገር የለውም። በላቦራቶሪ የሚሠራበት ፍሎራይድ በሊትር በግራም የሚቆጠር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚያልፉ ጉድጓዶች ቢኖሩም ከላቦራቶሪው መጠን ጋር የሚነጻጸሩ አይደሉም። ከዚህ በላይ ደግሞ የተፈጥሮ ውሃ ሁልጊዜ ደቃቅ ሸክላና አሸዋ አለው። ዩራኒየም ከካርቦኔት ጋር ተዋሕዶ በውሃው ሲጓዝ፣ ልጁ ፕሮታክቲኒየም እንደተወለደ ከአጠገቡ ካለው ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ይቀራል። በውሃችን ውስጥ ልንጨነቅበት የሚገባው ፍሎራይዱ ራሱ ነው።

ይህ የመጣበቅ ጠባይ በላቦራቶሪ እንቅፋት ይሁን እንጂ በውቅያኖስ ውስጥ ትልቅ አገልግሎት የሰጠ ነው፤ መምህርት ጥቅም የለውም የሚለውን ቃል ሳይከራከሩበት ማለፋቸውን አልወደድሁላቸውም። የባሕር ውሃ በሊትር 3.3 ማይክሮ ግራም ያህል ዩራኒየም አሟሙቶ ይዟል፤ መጠኑም በውቅያኖሶች ሁሉ ተመሳሳይ ነው ማለት ይቻላል። ከዚህ ዩራኒየም ሁለት ልጆች በየጊዜው ይወለዳሉ፤ ከዩራኒየም-235 ፕሮታክቲኒየም-231፣ ከዩራኒየም-234 ደግሞ ግማሽ ዕድሜው 75,600 ዓመት የሆነው ቶሪየም-230። የሚወለዱበት ጥምርታ በጨረራ ብርታት ሲለካ ሁልጊዜ 0.093 ነው፤ ምክንያቱም የወላጆቻቸው መጠን አይለዋወጥም። ሁለቱም ከሚወርደው ደቃቅ ቅንጣት ጋር ተጣብቀው ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዳሉ፤ ፍጥነታቸው ግን ይለያያል። ቶሪየም በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ይወርዳል፤ ፕሮታክቲኒየም ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ዓመት በውሃው ውስጥ ይቆያል።

አሁን ከሰሜን አትላንቲክ ተነሥቶ በጥልቁ ወደ ደቡብ የሚወርደውን ታላቅ የውሃ ፍሰት አስቡ። ፍሰቱ ብርቱ በሆነበት ዘመን ፕሮታክቲኒየሙ ሳይወርድ ወደ ደቡብ ይወሰዳል፤ ቶሪየሙ ግን በተወለደበት አካባቢ ይቀራል፤ ስለዚህ በሰሜን አትላንቲክ ወለል ደለል ውስጥ ጥምርታው ከ0.093 በታች ይሆናል። ፍሰቱ ሲዳከም የሚወስደው ስለሚያጣ ጥምርታው ወደ 0.093 ይወጣል። በ2004 በቤርሙዳ አቅራቢያ ከውቅያኖሱ ወለል በተወሰደ የደለል ዓምድ ላይ የታተመ ጥናት፣ ከ17,500 ዓመት ገደማ በፊት ጥምርታው ወደዚያ ቁጥር እጅግ እንደተጠጋ፣ ማለትም ፍሰቱ ሊቆም ጥቂት እንደቀረው አሳይቷል።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። በዚያው ዘመን አካባቢ ጣና ሐይቅ እስከ መድረቅ ደርሶ እንደነበር ከራሱ ወለል የወጣው ደለል ይመሰክራል። የሰሜን አትላንቲክ ሙቀት ሲናጋ የክረምታችን ዝናብም አብሮ ይናጋል፤ ከዚህ ጉዳይ የሚቀርበው ማስረጃ አንዱ ክፍል ያረፈው በዚህ ጥቅም የለውም በተባለ ንጥረ ነገር ላይ ነው።


የምህንድስና ተማሪ፦

ታዲያ ይህንኑ ዘዴ በሐዋሳ ሐይቅ ደለል ላይ መጠቀም አይቻልም ወይ? የሐይቁ ውሃ መጠን በየዘመኑ እንደተለዋወጠ ይነገራል።


ጂኦሎጂስቱ፦

አይሆንም፤ ምክንያቱንም ራስህ ልታወጣው ትችላለህ። የውቅያኖሱ ስሌት የቆመው የዩራኒየሙ መጠን ቋሚና የታወቀ በመሆኑ ላይ ነው። በሐይቅ ግን ዩራኒየሙ በየዘመኑ ይለዋወጣል፣ ጎርፍም ከተራራው አሮጌ አፈር ይዞ ይገባል፤ ያ አፈር ደግሞ የራሱ ዩራኒየምና የራሱ ፕሮታክቲኒየም ስላለው የትኛው ከውሃው እንደተወለደ መለየት ያስቸግራል። ለሐይቆቻችን ካርቦን-14ና የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፎች የተሻሉ ናቸው።

ፕሮታክቲኒየም በስምጥ ሸለቆ ሥራ የሚያገኘው በሌላ በኩል፣ በወጣት የእሳተ ገሞራ አለት ላይ ነው። ከምድር ከርስ አለት በከፊል ሲቀልጥ ዩራኒየም ወደ ቅላጩ ለመግባት ይፈልጋል፤ ፕሮታክቲኒየም ግን ከእሱም ይበልጥ ይፈልጋል። ስለዚህ ቅላጩ ከሚገባው በላይ ፕሮታክቲኒየም ይዞ ይወጣል፤ በውቅያኖስ ውስጥ ባሉ የመሬት መሰንጠቂያ ሰንሰለቶች ላይ በሚገኙ አለቶች በሚዛን ከሚጠበቀው ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚሆን ተለክቷል። ትርፉ በፍርሰት እየቀነሰ ሄዶ ከ150,000 ዓመት ገደማ በኋላ ስለሚጠፋ፣ ትርፍ የያዘ አለት በቅርቡ የቀለጠ መሆኑን ይናገራል፤ የትርፉም መጠን አለቱ በምን ፍጥነት እንደቀለጠ ለመገመት ያገለግላል። ከበላያችን ኮርቤቲ፣ በአፋር ደግሞ ኤርታሌ ላላት አገር ይህ መለኪያ ባዕድ ሊሆን አይገባም።


ታቦር፦

ከምርምር ውጭ ያለውንም ልጨምር። ቶሪየምን ነዳጅ ለማድረግ በሚታሰብበት ቦታ ሁሉ ፕሮታክቲኒየም መካከል ላይ ይቆማል። ቶሪየም-232 ኒውትሮን ሲውጥ ቶሪየም-233 ይሆናል፤ እሱ በ22 ደቂቃ ግማሽ ዕድሜ ወደ ፕሮታክቲኒየም-233 ይለወጣል፤ ይህ ደግሞ በ27 ቀን ግማሽ ዕድሜ ለነዳጅ የሚሆነውን ዩራኒየም-233ን ይሰጣል። 27 ቀን በሬአክተር ውስጥ ረጅም ጊዜ ነው። በዚያ መካከል ሌላ ኒውትሮን ከዋጠ ነዳጅ ሳይሆን ይቀራል፤ ኒውትሮኑም ይባክናል። ከሬአክተሩ ቶሎ እያወጡ ለብቻው ማቆየት በኬሚስትሪ የሚቻል ቢሆንም፣ እንዲያ ሲሆን የሚገኘው ዩራኒየም-233 እጅግ ንጹሕ ስለሚሆን ለጦር መሣሪያ የመዋሉ ስጋት ይነሣል። ስለ ቶሪየም ብዙ ተስፋ የሚሰጡ ጽሑፎች ይህን የ27 ቀን ጉዳይ ብዙ ጊዜ አያነሡትም።


የምህንድስና ተማሪ፦

የመጨረሻ ጥያቄ ለጋሼ። በ1961 የወጣው 125 ግራም ዛሬም አለ ማለት ነው? ግማሽ ዕድሜው 32,760 ዓመት ከሆነ ምንም የተለወጠ ነገር ሊኖረው አይገባም፤ የቆየ ናሙና ከአዲሱ ይልቅ ለመያዝ ይቀላል?


ጡረተኛው የላቦራቶሪ ሰው፦

ክምችቱ በአንድ ቦታ አልተቀመጠም፤ በልዩ ልዩ አገሮች ላሉ ላቦራቶሪዎች ተከፋፍሏል፤ ለብዙ ዓመታትም የዓለም ተመራማሪዎች የሠሩት በዚሁ ነው። ለሥራ ከዋለው በስተቀር በፍርሰት የጠፋው ኢምንት ነው። ከስድሳ ዓመት በላይ ተቀምጦ ከአንድ ግራም የሚቀንሰው ከሁለት ሚሊግራም በታች ነው።

ለመያዝ መቅለሉ ላይ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ንጹሕ ፕሮታክቲኒየም-231 የሚያወጣው በዋነኛነት የአልፋ ቅንጣት ነው፤ ያም ወረቀት ወይም የቆዳ የላይኛው ሽፋን የሚያቆመው ነው። አደጋው በትንፋሽ ወይም በአፍ ሲገባ ነው፤ ያን ጊዜ በአጥንትና በጉበት ውስጥ ተቀምጦ ለዕድሜ ልክ ያነድዳል። ስለዚህ ሁልጊዜ አየሩ በሚሳብ፣ ጓንት በተገጠመለት ዝግ ሳጥን ውስጥ ይሠራበታል። ናሙናው እያረጀ ሲሄድ ደግሞ አክቲኒየም-227 በውስጡ ያድጋል፤ የእሱ ግማሽ ዕድሜ ወደ 22 ዓመት ስለሆነ በስድሳ ዓመት ውስጥ ሊደርስበት ከሚችለው ጣሪያ ከስድስት እጅ አምስቱን ያህል ደርሷል። ከአክቲኒየም በታች ያሉት ቶሪየም-227፣ ራዲየም-223፣ ሬዶን-219፣ ፖሎኒየም-215ና ቢስሙዝ-211 እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አልፋ ይጨምራሉ። ስለሆነም ከብዙ ዘመን በኋላ ከአንድ ናሙና የሚወጣው አልፋ ገና ንጹሕ ሳለ ከነበረው ወደ ስድስት እጥፍ ይጠጋል፤ ቤታና ጋማም ይከተሉታል። ሬዶን-219 ጋዝ ነው፤ ግማሽ ዕድሜው አራት ሰከንድ ያህል ቢሆንም ከጠጣሩ አምልጦ በሳጥኑ ግድግዳ ላይ ልጆቹን ለመዝራት ይበቃዋል። የቆየ ብልቃጥ የሚከፍት ባለሙያ ከማናቸውም ሥራ በፊት አክቲኒየሙንና ዘሮቹን በማጣሪያ ዓምድ አሳልፎ መለየት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ሳያልፍ ማጣሪያውን መድገም ይኖርበታል።